የተሳሳተውን ገጽ የገለጥኩበት ሌሊት

እቴቴ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። አንድ የፋሲካ ቀን ቡና እያፈላች ድንገት ቀና ብላ ጠየቀችኝ።

«እውነት ነው ወይ፣ አየር ላይ ችግር ሲመጣ መጽሐፍ ገልጣችሁ ነው የምታነቡት?»

«አዎ» አልኳት።

«ታዲያ ስትማሩ ምን ስትሠሩ ነበር?»

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ግን የእሷ ጥያቄ ድሮ የእኔም ጥያቄ ነበር። የአብራሪነት ትምህርት ስጀምር ጎበዝ ማለት ሁሉን በቃሉ የያዘ ይመስለኝ ነበር። መጽሐፍ የሚገልጠው ያላጠና ነው ብዬ አስብ ነበር። ይህን ከጭንቅላቴ ያወጣልኝ ናይሮቢ ላይ፣ አንድ ሌሊት የሠራሁት ስህተት ነው። ታይፕ ሬቲንግ፣ ማለትም ለአንድ ዓይነት አውሮፕላን የሚሰጠውን ሥልጠና፣ የሚጀምሩ ልጆች ምክር ሲጠይቁኝ የምነግራቸው ያንኑ ታሪክ ነው። አንድ ጊዜ ልጻፈውና ልገላገል።

መጀመሪያ ስለ መጽሐፉ። ኩዊክ ሬፈረንስ ሃንድቡክ ይባላል፤ እኛ ኪውአርኤች እንለዋለን። እኔ በማበርረው ቦይንግ 737 ላይ በቀለበት የተያያዘ ወረቀት ነው፤ ጠርዙ ከጣት ብዛት የለሰለሰ። አንዳንድ ኩባንያዎች ወደ ታብሌት አዙረውታል። 777 እና 787 ደግሞ ቼክሊስቱን፣ ማለትም የሥራ ዝርዝሩን፣ ራሱን ስክሪን ላይ ያወጡታል፤ የተሠራው መስመር አረንጓዴ ይሆናል። ኤርባስም ኢካም የሚባል የራሱ አለው። መልኩ ይለያይ እንጂ ሥራው አንድ ነው።

ሽፋኑ ላይ በጣም አስቸኳይ የሆኑት ችግሮች ከነገጻቸው ተደርድረዋል። ቀጥሎ በመብራት ስም የሚፈለግበት ማውጫ አለ። የትኛው መብራት በራ? ስሙን ፈልግ፣ ገጹን ግለጥ። ከዚያ ደግሞ መብራት የሌላቸው ችግሮች ማውጫ ይመጣል። የኮክፒት መስታወት ቢሰነጠቅ ማንም አምፖል አያበራልህም። አንተ ነህ አይተህ ስም የምታወጣለት። ይህቺን ያዙልኝ፤ የእኔ ጉድ ከዚህ ነው የሚጀምረው።

እያንዳንዱ ቼክሊስት ርዕስ አለው። ከርዕሱ ሥር ሁኔታው ተጽፏል፤ ይህ ገጽ የሚያገለግለው እንዲህ እንዲህ ሲሆን ነው ይልሃል። ከዚያ ሥራዎቹ በተራ ይመጣሉ። መጨረሻው ላይ አራት ትንንሽ ጥቁር ካሬዎች አሉ። እነሱን ካላየህ አልጨረስክም።

በቃል የሚያዙ የሉም ማለቴ አይደለም። አሉ። 35,000 ጫማ ላይ የካቢኑ አየር ድንገት ቢወጣ፣ አእምሮ በደንብ የሚሠራው ቢበዛ ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ብቻ ነው። በዚያ ሰዓት ገጽ ፍለጋ የለም። የኦክስጅን ጭምብል ታጠልቃለህ። ከጎንህ ያለው እንደሚሰማህ ታረጋግጣለህ። የግፊቱን መቆጣጠሪያ ከአውቶማቲክ ወደ እጅ ትቀይራለህ፣ የአየር መውጫውን ትዘጋለህ። መጽሐፉ የሚገለጠው ከዚህ በኋላ ነው። ሲገለጥም በቃልህ የሠራኸውን ሳይቀር እንደገና ከላይ ጀምረህ ታነባለህ። በእኛ አውሮፕላን እንዲህ በቃል የሚያዙት አስር ገደማ ቢሆኑ ነው። የቀረው መዓት ሁሉ ይነበባል።

በነገራችን ላይ፣ በቃል መያዝ ብቻውን የት ሊያደርስ እንደሚችል የአገራችን ተራራ ጥሩ ማሳያ ነው። ለድንገተኛ መውረድ ዝርዝሩ «10,000 ጫማ ወይም አስተማማኙ ዝቅተኛ ከፍታ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው» ይላል። ሜዳ አገር የሰለጠነ ልጅ ጆሮው ውስጥ የምትቀረው 10,000 የምትለዋ ብቻ ናት። ራስ ዳሽን ግን 4,550 ሜትር ገደማ ነው፤ በጫማ 14,900 ይሆናል። አስተማማኙ ከፍታ ስንት እንደሆነ ካርታው እንጂ መጽሐፉ አይነግርህም። ስለዚህ በሰሜን በኩል ስንበር ቁጥሩን አስቀድመን እንይዛለን፤ ጭምብል አጥልቀን ካርታ እንዳንፈልግ።

አሁን ወደዚያ ሌሊት።

ያኔ በአንድ የውጭ አገር አየር መንገድ ረዳት አብራሪ ነበርኩ። አውሮፕላኑ 737-800 ነው። ካፒቴኑም ሐበሻ ነበር፤ በዕድሜ አባቴ ይሆናል። ሁለት ሐበሻ አንድ ኮክፒት ውስጥ ሲገናኝ ወሬው እንዴት እንደሚደራ ታውቁታላችሁ። ስለ ልጆች ትምህርት፣ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ፣ አዲስ አበባ ስለጀመረው ቤት ስናወጋ ነው የመጣነው። መውረድ ስንጀምር ግን አማርኛው ይቆማል። ሥራ በእንግሊዝኛ ነው፤ ከሥራ ውጭ የሆነ ወሬ ደግሞ በየትኛውም ቋንቋ የለም።

እሱ ያበርራል። እኔ ሬዲዮውንና ንባቡን ይዣለሁ። ወደ ናይሮቢው አውሮፕላን ማረፊያ፣ ጆሞ ኬንያታ፣ ለማረፍ እየተቃረብን ነው።

ፍላፕን ለማታውቁት፦ መስኮት ዳር ተቀምጣችሁ፣ ልታርፉ ስትቃረቡ ክንፉ ከኋላ በኩል እየተዘረጋ ሲሰፋ ያያችሁት እሱ ነው። አውሮፕላኑ ፍጥነት ቀንሶም አየሩ እንዲሸከመው ያደርጋል። በአንድ ጊዜ አይዘረጋም። 1፣ 5፣ 15፣ 30 እየተባለ በደረጃ ነው።

1 እና 5 ደህና ወጡ። ካፒቴኑ «ፍላፕስ 15» አለ። ማንሻውን 15 ላይ አደረግኩት። ትንሽ ቆይቶ አውሮፕላኑ ዘንበል ያለ መሰለኝ። መሪው ራሱ ወደ አንድ ጎን ዞር ብሎ እዚያው ቀረ። አውቶፓይለቱ ሚዛን እየጠበቀ ነው ማለት ነው። የፍላፑን ጌጅ አየሁ። 15 አልደረሰም። ቆሟል።

ካፒቴኑ መጀመሪያ ያየው ፍላፑን አይደለም። ፍጥነቱን አየ፣ ከፍታውን አየ። ፍጥነቱ ፍላፑ ከሚችለው እንዳያልፍ አስተካከለ። ከዚያ «ማረፉን ትተነዋል፣ ቦታ ይስጡን በላቸው» አለኝ። ለአየር ተቆጣጣሪዎቹ ነገርኳቸው። ከፍታና አቅጣጫ ሰጡን። አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ፣ ተረጋግቶ መብረር ሲጀምር ነው ወደ እኔ ዞር ያለው።

«ምንድነው ችግሩ?»

«ፍላፕ ዲስአግሪ» አልኩ። ቆፍጠን ብዬ።

«ቼክሊስቱን።»

አስር ሰከንድ የፈጀብኝ አይመስለኝም። ገጹን ገለጥኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሲሙሌተር ላይ፣ ማለትም በመለማመጃው ኮክፒት፣ ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ፤ ይኸው በእውን መጣልኝ።

ያ ገጽ ፍላፑ ከማንሻው ጋር ሳይስማማ ሲቀር የሚገለጥ ነው። እውነትም አልተስማማም። ማንሻው 15 ነው፤ ፍላፑ 15 አይደለም። ርዕሱን ጮክ ብዬ አነበብኩ። ሁኔታው የተጻፈበትን መስመር ግን በዓይኔ ዘለልኩት። የማውቀውን ምን አነባለሁ? ወደ ሥራዎቹ ወረድኩ። እዚያ ገጽ ላይ ፍላፑን በኤሌክትሪክ፣ በመጠባበቂያው መንገድ ማንቀሳቀስ አለ። ማብሪያው ከራሳችን በላይ ያለው ፓኔል ላይ ነው፤ ክዳን አለው። አፌ እያነበበ እጄ ወደ ላይ ተነስቷል።

«ቀስ» አለኝ። በአማርኛ። «ማን አሯሯጠህ?»

እጄ አየር ላይ ቀረ።

«መርፌዎቹን አንብብልኝ። ያሰብከውን አይደለም፤ የምታየውን።»

የፍላፑ ጌጅ ሁለት መርፌ አለው። አንዱ የግራ ክንፍ፣ አንዱ የቀኝ። ዘወትር ተደራርበው ስለሚሄዱ ዓይን እንደ አንድ ነው የሚቆጥራቸው። ስንት መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አንድም ቀን ሁለት መርፌ አይቼ አላውቅም። አሁን አፍጥጬ ሳየው ሁለት ናቸው። ትንሽ ናት ክፍተቷ። ግን አለች።

«ግራው 5ን አልፏል» አልኩ። «ቀኙ 10 አጠገብ ነው።»

ዝም አለኝ። እኔው ራሴ እስክለው እየጠበቀ ነው።

«አሲሜትሪ» አልኩ። ድምፄ ከጉሮሮዬ አልወጣ አለኝ።

ልዩነቱን ላስረዳ። ሁለቱም መርፌዎች አንድ ላይ ሆነው ማንሻው ካለው ቦታ ካልደረሱ ዲስአግሪ ነው። መርፌዎቹ እርስ በርሳቸው ከተለያዩ አሲሜትሪ ነው፤ የግራና የቀኝ ክንፍ ፍላፕ እኩል አልወጣም ማለት ነው። አንዱ ክንፍ ከሌላው የበለጠ ይሸከማል፤ አውሮፕላኑ ይዘነብላል። በወትሮው አሠራር አውሮፕላኑ ይህን ሲያይ ፍላፑን ራሱ ያቆመዋል። እኛንም ያቆመልን እሱ ነው። በመጠባበቂያው መንገድ ስታንቀሳቅሰው ግን ይህ ጥበቃ የለም። አንዱ ክንፍ ተይዞ ሌላው ቢቀጥል የሚያስቆመው የለም። ስለዚህ የአሲሜትሪ ገጽ በመጠባበቂያው እንዳትሞክር ይከለክልሃል። የዲስአግሪ ገጽ ደግሞ በዚያው ሂድ ይልሃል። ርዕሳቸው ይመሳሰላል፤ መጽሐፉ ውስጥም ጎረቤት ናቸው።

ማብሪያውን ብነካው ኖሮ እንወድቅ ነበር ብዬ አላጋንንም። ሲዘነብል አይቼ እጄን ላነሳ እችል ነበር። ግን እንዲህ ዓይነት ነገር በሌሊት፣ ሰው ጭነህ የምትሞክረው አይደለም።

ገጹን ዘጋሁ። ማውጫውን ገለጥኩ። ትክክለኛውን ርዕስ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ሁኔታውንም ጮክ ብዬ አነበብኩ። «ይኸው ነው?» አልኩት። መርፌዎቹን አየ፤ ከዚያ «ይኸው ነው» አለ። ከዚያ በኋላ ነው አንደኛውን መስመር የጀመርነው።

የቀረው ድራማ የለውም። የወረቀት ሥራ ነው፤ ግን የሚያስተምረው እሱ ስለሆነ ልዘርዝረው።

ፍላፑ ግማሽ መንገድ ላይ ስለቀረ በፍጥነት ነው የምናርፈው። በዚያ ክብደት ወትሮ 145 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ ነው) አካባቢ የሚሆነው ወደ 170 ወጣ። ጆሞ ኬንያታ ከባሕር ወለል በላይ 5,330 ጫማ ነው። አየሩ ስስ ነው። መሣሪያው 170 ሲልህ ነፋስ ከሌለ መሬቱ ከሥርህ የሚሮጠው ከ185 ኖት በላይ ነው። ጎማም የራሱ የፍጥነት ገደብ አለው፤ ለ737 የተለመደው 195 ኖት ነው። ያልፋል? አያልፍም፤ ግን ሰፊ ክፍተትም የለም። ነፋሱ ከፊት መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋገጥን።

ከዚያ ርቀት። መጽሐፉ መጨረሻ አካባቢ ለእንዲህ ያለ ጊዜ የሚሆኑ የማረፊያ ርቀት ሠንጠረዦች አሉ። ከፍታውን ጨምር፣ ሙቀቱን ጨምር፣ ነፋሱን ቀንስ። የናይሮቢ ራንዌይ 4,117 ሜትር ነው። የእኛ ቁጥር ከዚያ በጣም ያንሳል። ሞምባሳስ? ባሕር ዳርቻ ስለሆነች አየሩ ይሻላል፤ ራንዌዩ ግን ያጥራል። ደግሞ ፍላፑ እንደተዘረጋ ያን ሁሉ መንገድ መሄድ ነዳጅ ይጨርሳል። ናይሮቢ ይሻላል ተባባልን።

ሌላም የምትረሳ ነገር አለች። መሬት ስትጠጋና ፍላፕህ ሙሉ ካልሆነ አውሮፕላኑ «ቱ ሎው፣ ፍላፕስ» እያለ ይጮሃል። ቼክሊስቱ ያን ጩኸት አስቀድመህ እንድታጠፋው ያዝሃል። ይህን በቃሌ አላስታውሰውም ነበር። ጭራሽ። መጽሐፉ ባይኖር 200 ጫማ ላይ፣ በዚያ ሁሉ ፍጥነት፣ ጆሯችን ላይ እየጮኸብን ነበር የምናርፈው።

እያነበብኩ ሦስት ጊዜ ተቋረጥኩ። አንዴ ታወር ስንት ሰው እንዳለንና ስንት ነዳጅ እንደቀረን ጠየቀ። አንዴ የካቢን ኃላፊዋ ደወለች። አንዴ ራሱ ካፒቴኑ ስለ ነዳጅ ጠየቀኝ። በሦስቱም ጊዜ አውራ ጣቴን ያቆምኩበት መስመር ላይ አደረግኩ። ስመለስ ከጣቴ አንድ መስመር ወደ ላይ ወጥቼ ጀመርኩ። ይህን ያስተማረኝ ሌላ ሰው ነው፤ ያኔ እንደ ልጅ ጨዋታ ነበር ያየሁት። አሁን ታብሌት ለያዙት ይህ ጣት አይሠራም፤ ስክሪኑ ይንሸራተታል። እነሱ ያቆሙበትን ድምፅ አውጥተው ለጓደኛቸው ይናገሩ፤ «አራተኛው ላይ ነኝ፣ ያዝልኝ» ማለት ይበቃል።

ለካቢን ኃላፊዋ ካፒቴኑ አራት ነገር ነገራት። ምን እንደሆነ፣ ምን ልናደርግ እንደሆነ፣ ስንት ደቂቃ እንዳለን፣ የተለየ ነገር ካለ። እሷም የሰማችውን ደግማ ነገረችው። ከዚያ ለተሳፋሪዎች እሱ ራሱ ተናገረ። ብዙ ሰው አብራሪው ለምን ዘግይቶ ይናገራል ብሎ ይቆጣል። የምንዘገየው እያነበብን ስለሆነ ነው። መጀመሪያ ማብረር፣ ቀጥሎ የት እንደምንሄድ ማወቅ፣ ማውራት መጨረሻ ነው።

የመጨረሻዎቹ ጥቂት መስመሮች ለማረፊያ ሰዓት የሚቀመጡ ናቸው። በእኛ ቋንቋ ዲፈርድ ይባላሉ። እነሱን ሳናነብ ቼክሊስቱ ተጠናቋል አንልም፤ «ከተላለፉት በቀር ተጠናቋል» ነው የምንለው። ለማረፍ ስንመለስ ገጹ አሁንም ጭኔ ላይ ተገልጦ ነበር።

አረፍን። ፍጥነት እንጂ ሌላ ነገር አልነበረውም። ብሬኩ ስለጋለ የእሳት አደጋ መኪኖቹ ጎማውን እያዩ ትንሽ ቆምን። ተሳፋሪዎች ወረዱ፤ አንዲት እናት በሩ ላይ «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብላን ሄደች።

ሁሉም ሲወጣ ካፒቴኑ የኮክፒቱን መብራት ከፍ አደረገው። «በል ያንን የመጀመሪያውን ገጽ አውጣና እስከ መጨረሻው አንብብልኝ» አለ። አነበብኩ። በመጠባበቂያው ስታንቀሳቅስ የአሲሜትሪ ጥበቃ እንደሌለ እዚያው ገጽ ላይ ተጽፏል። እጄ ከዓይኔ ቀድሞ ስለሄደ አልደረስኩበትም እንጂ። ካፒቴኑ ምንም አልጨመረም። ኮቱን አንስቶ «እራት በእኔ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ያሰብኩትን ልበል። ሲደነግጥ ሰው ለችግሩ መጀመሪያ ያወጣለት ስም ይጣበቅበታል። አንዴ «ዲስአግሪ» ካልኩ በኋላ ዓይኔ የሚያየው ዲስአግሪን ብቻ ነበር። መጽሐፉ ፍጹም ትክክል ነው፤ ግን የጠየቅከውን ነው የሚመልስልህ። የተሳሳተ ስም ከሰጠኸው የተሳሳተውን ነገር ጥንቅቅ አድርጎ ያሠራሃል። ስለዚህ አሁን አብሮኝ የሚበርረው ልጅ ስም ከማውጣቱ በፊት የሚያየውን እንዲነግረኝ እጠይቀዋለሁ። «ሞተር ጠፋ» አይበለኝ። «የግራው ዘይት ግፊት ዜሮ ነው፣ ሙቀቱ እየወጣ ነው» ይበለኝ። ስሙን አብረን እናወጣለታለን።

ይህ የእኔ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. ጥር 8 ቀን 1989 እንግሊዝ ውስጥ ኬግዎርዝ አጠገብ አንድ 737-400 ወደቀ። የተበላሸው የግራው ሞተር ነበር፤ አብራሪዎቹ ያጠፉት የቀኙን ነው። 47 ሰው ሞተ። እ.ኤ.አ. የካቲት 4 ቀን 2015 ታይፔ ውስጥም እንዲሁ፤ አንድ ኤቲአር 72 ኃይል ሲያጣ የተሳበው የደህናው ሞተር ማንሻ ነበር። 43 ሰው ሞተ። ለዚህ ነው እንደ ነዳጅ መዝጊያና የእሳት ማጥፊያ እጀታ ያለውን፣ ከተነካ የማይመለሰውን ነገር ብቻህን የማትነካው። አንዱ እጁን ያሳርፋል። ሌላው አይቶ ያረጋግጣል። ከዚያ ነው የሚንቀሳቀሰው። ሲሙሌተር ላይ ይህ የሚያሰለች ይመስላል። እኔም ይሰለቸኝ ነበር።

መጽሐፉን ጣዖት አታድርጉት ደግሞ። የተጻፈው አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በገመተው ሁኔታ ልክ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 2009 አብራሪዎቹ ሳለንበርገርና ስካይልስ ኒው ዮርክ ላይ ወፍ መትቷቸው ሁለቱም ሞተር ኃይል ሲያጣ 2,800 ጫማ ገደማ ላይ ነበሩ። ስካይልስ ወዲያው የሁለት ሞተር ቼክሊስቱን ማንበብ ጀመረ። ግን ያ ዝርዝር የተጻፈው ብዙ ከፍታና ብዙ ደቂቃ ላለው ሰው ነበር፤ ሦስት ገጽ። እነሱ የነበራቸው ሦስት ደቂቃ ተኩል ነው። ሳይጨርሰው ሃድሰን ወንዝ ላይ አረፉ፤ 155ቱም ሰው ተረፈ። ሳለንበርገር ኤሌክትሪክ የምትሰጠውን ትንሿን የኋላ ሞተር ዝርዝሩ እዚያ እስኪደርስ ሳይጠብቅ ቀድሞ አስነስቷት ነበር። ይህን ታሪክ ሳነብ የእኛው ባሕር ዳር ትዝ ይለኛል። በመስከረም 1981 ዓ.ም. አንድ 737-200 ከዚያ ሲነሳ የርግብ መንጋ ሁለቱንም ሞተር ገባበት፤ ከ104 ሰው 35ቱ ሞቱ። ወፍ ቼክሊስት አይጠብቅም።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ኳንታስ 32 አለ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 2010 ከሲንጋፖር የተነሳ ኤርባስ ኤ380 አንድ ሞተሩ ፈነዳ። 469 ሰው ነበረበት፤ ኮክፒቱ ውስጥ ብቻ አምስት አብራሪ። ስክሪኑ የሚያወጣላቸውን ዝርዝር ለመጨረስ 50 ደቂቃ ገደማ ፈጀባቸው። ጊዜ ነበራቸው፤ ተጠቀሙበት፤ አንድም ሰው አልተጎዳም። ስለዚህ ከመጽሐፉ በፊት የምትጠይቀው ጥያቄ አለ። ስንት ደቂቃ አለኝ? እሳት ወይም ጭስ ካለ ትንሽ ነው። ፍላፕ ከሆነ፣ ነዳጅ ካለህ፣ ብዙ ነው። እኔ ናይሮቢ ላይ ግማሽ ሰዓት እያለኝ እንደ ሦስት ደቂቃ ተኩል ሰው ነበር የሮጥኩት።

አንድ ገጽ ግን አለ፤ እንደ ሌላው ገጽ ላነበው የማልችለው። ራናዌይ ስታቢላይዘር ይላል። የኋላው አግድም ክንፍ ሳታዝዘው መዞር ሲጀምር የሚገለጥ ነው፤ ቁልፍ ሥራው ሁለት ማብሪያ ማጥፋት ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302፣ 737 ማክስ ላይ ኤምካስ የተባለው አሠራር፣ ከአንድ የተበላሸ ጠቋሚ በመጣ የሐሰት መረጃ አፍንጫውን ወደ ታች ይገፋ ነበር። ልጆቹ ማብሪያዎቹን አጥፍተዋል። ያንን ክንፍ በእጅ የሚያዞረው የኮክፒት መዘውር ግን በዚያ ፍጥነት አልንቀሳቀስ አለ። ስድስት ደቂቃ ነው ሁሉም ነገር፤ 157 ሰው። መሪው ይንቀጠቀጣል፣ የፍጥነት መሣሪያዎቹ አይስማሙም፣ አፍንጫው ይወርዳል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ። ገጹ ላይ የነበረው እንዲህ ያለ ቀን አይደለም። ከዚያ በኋላ የታገደው ማክስ ወደ ሥራ ሲመለስ ያ ዝርዝርም ተሻሽሎ ተጻፈ። አዲሱን ባጠናሁ ቁጥር አንዳንዶቹ መስመሮች በምን ዋጋ እንደተጻፉ አስባለሁ። የመጀመሪያው ቼክሊስትም ልደቱ እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ኦሃዮ ውስጥ፣ ራይት ፊልድ ላይ፣ ሞዴል 299 የተባለው የቦይንግ አውሮፕላን የመሪ መቆለፊያው ሳይፈታ ተነስቶ ወደቀ። ያበርሩ የነበሩት የታወቁ ጎበዞች ነበሩ። አንድ መቆለፊያ ረሱ። ከዚያ በኋላ ነው በወረቀት ይሁን የተባለው።

ለምትጀምሩት አንድ ሁለት ነገር ብቻ። ኪውአርኤችን ሲሙሌተር ውስጥ ብቻ አትገናኙት። ማታ ማታ አንድ ገጽ አንብቡ፤ ለመሸምደድ ሳይሆን ርዕሱንና ሁኔታውን ለይቶ ለማወቅ። ከጎረቤቱ ገጽ በምን እንደሚለይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። እኔ ይህን የጀመርኩት ከናይሮቢ በኋላ ነው። ደብተሬ ላይ የመጀመሪያው ማስታወሻ «ሁለት መርፌ» ይላል። የኮክፒቱን ፎቶ በትልቁ አሳትማችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ ጓደኛችሁ ያንብብ፣ እናንተ ጣታችሁን አሳርፉ። ቤተሰብ ይስቃል። ይሳቅ። የሚያነበውም እንደ ዜና አንባቢ አይሩጥ። እጁ ካነበበው መስመር አይቅደም።

እቴቴ ይህን ሁሉ እስክጨርስ አልጠበቀችኝም፤ ሁለተኛው ስኒ ላይ ነበርን። የገባት ግን ገብቷታል። ሦስተኛውን እየቀዳች፣ ፊቷን ሳታነሳ ጠየቀችኝ።

«ታዲያ ያ መጽሐፍ ቢጠፋስ?»

«ሁለት ነው የምንይዘው፣ እቴቴ። አንዱ በካፒቴኑ በኩል፣ አንዱ በረዳቱ።»

«እንዲህ በለኝ እንጂ» አለችና በረካውን አቀበለችኝ።